የደጀኑ ዛጎል፦ ቅሪተ አካል ያለበትን የኖራ ድንጋይ መለየት እንዴት እንደተማርኩ

ደጀን ባለው የወላጆቼ ቤት መግቢያ ላይ እንደ ደረጃ የተነጠፈ ሰፊ ግራጫ ድንጋይ አለ። አባቴ ግንበኛ ነበር፤ ድንጋዩን ከዓባይ ገደል አፋፍ በታች ካለ የድንጋይ ካባ ነው ያስመጣው። ልጅ ሆኜ ቡናው እስኪፈላ እዚያ ላይ ተቀምጬ በጣቴ የምዳብሰው ጉብታ ነበረኝ፤ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጥ፣ እንደ ሽንሽን ቀሚስ የተሸነሸነ። እናቴ «የባሕር ዛጎል ነው» ትለኝ ነበር። ባሕር ከደጀን ምን ያህል እንደሚርቅ ስለማላውቅ አልገረመኝም። መገረም የጀመርኩት መምህር ከሆንኩ በኋላ ነው።

ዛሬ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ተማሪም፣ ድንጋይ ጠራቢም፣ መንገደኛም የድንጋይ ፎቶ አንስቶ «ይሄ ፎሲል ነው?» ይለኛል። ፎቶውን አተኩሬ ከማየቴ በፊት የምጠይቀው ሁሌም አንድ ነገር ነው፦ ከየት አገኘኸው? በእኛ አገር የመልሱ ግማሽ ያለው እዚያ ላይ ነው። ይህን ለማወቅ ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ሌላው ሰው ያን ያህል እንዳይለፋ ብዬ ነው የምጽፈው።

ጎጃም ላዩን ሲታይ የጥቁር ድንጋይ አገር ነው። ከደብረ ማርቆስ እስከ ጮቄ፣ ከቢቸና እስከ ሞጣ የምንረግጠው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወዲህ ከምድር ሆድ ወጥቶ እየፈሰሰ የረጋ ባዛልት ነው። ጮቄ ራሱ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው አሮጌ እሳተ ገሞራ ነው። ቀልጦ በፈሰሰ ድንጋይ ውስጥ የባሕር ዛጎል አይተርፍም። ስለዚህ ደጋው ላይ፣ ጥቁር ድንጋይ ውስጥ ዛጎል የሚመስል ነገር ብታዩ፣ ወይ ድንጋዩ ከቆላ ተጭኖ የመጣ ነው፣ ወይ ያያችሁት ዛጎል አይደለም።

ባሕሩ ያለው ከባዛልቱ በታች ነው። ዓባይ አገሩን ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ሰንጥቆ ባያወርደው ኖሮ ባሕር እንደነበረን አናውቅም ነበር። ከደጀን ወደ ድልድዩ በመኪና የምትወርዱ ሰዎች በመስኮት በኩል የምታዩት ገደል እንደ ተደራረበ እንጀራ ነው። ላዩ ጥቁሩ ባዛልት ነው። ከእሱ ሥር የአሸዋ ድንጋይና ወደ ቀይ የሚያደላ የጭቃ ድንጋይ ይመጣል። ከዚያ ግራጫና ቢጫማ ሆኖ በእርከን እርከን የሚወርደው ወፍራሙ የኖራ ድንጋይ አለ፤ ውፍረቱ ወደ 400 ሜትር ይጠጋል። ከእሱም ሥር ጀሶ የበዛበት፣ ሸክላማ ድንጋይ የተቀላቀለበት ንብርብር፣ ወንዙ አጠገብ ደግሞ የአዲግራት የአሸዋ ድንጋይ የሚባለው ቀላ ያለ ድንጋይ። ሙጋንና ሱሃን የመሳሰሉ ወደ ዓባይ የሚወርዱ ወንዞችም በቆረጡት ጥልቅ ሸለቆ ይህንኑ ንብርብር ያሳያሉ። ዛጎል የምትፈልጉ ከሆነ ልባችሁ ግራጫው እርከን ላይ ይሁን።

ይህ የኖራ ድንጋይ በባለሙያዎች ዘንድ የአንታሎ የኖራ ድንጋይ ይባላል። ስሙ የትግራዩ ሕንጣሎ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1868 በአፄ ቴዎድሮስ ላይ ከዘመተው የእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው የጂኦሎጂ ባለሙያ ዊልያም ብላንፎርድ ያወጣለት ነው። ዕድሜው በጥቅሉ ከ165 እስከ 150 ሚሊዮን ዓመት ነው። ያኔ አፍሪካ፣ ዓረቢያ፣ ሕንድና ማዳጋስካር አንድ ላይ የነበሩበት ትልቅ ምድር መሰነጣጠቅ ጀምሮ ነበር፤ መሬቱ ሲሰምጥ ባሕሩ ከደቡብ ምሥራቅ፣ በኦጋዴን በኩል እየገፋ መጥቶ እኛ ያለንበትን ሸፈነው። ጥልቅ ውቅያኖስ አልነበረም። አብዛኛው ሞቃት፣ ፀሐይ እስከ ወለሉ የሚደርስበት፣ እንስሳ የሚርመሰመስበት ውሃ ነበር። የኖራ ድንጋዩም ከእነዚያ እንስሳት ቅርፊት፣ ከቅርፊቱም ስብርባሪና ከኖራማ ጭቃ የተሠራ ነው። ግንበኛው አባቴ ኖራ አቡክቶ ግድግዳ ሲለስን፣ ሳያውቀው የዛጎል ዱቄት ይለስን ነበር።

አሁን ወደ መለየቱ። የመጀመሪያው ፈተና ሎሚ ነው። ባለሙያዎች ቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይይዛሉ፤ እኔ ግን ልጆች ይዤ ስለምሄድ ሎሚ ይበቃኛል፤ አቼቶም ይሆናል። የድንጋዩን ፊት በቢላ ፋቅ ፋቅ አድርጉና ዱቄቱ ላይ ሎሚውን ጠብ አድርጉበት። ከዚያ ዓይናችሁን ቀረብ አድርጋችሁ፣ ቢቻል በማጉያ መነጽር፣ ጠብቁ። የኖራ ድንጋይ ከሆነ ጥቃቅን አረፋ እንደ ጠላ እየተፍለቀለቀ ይወጣል። ሎሚ እንደ አሲዱ አይጮኽም፤ ትዕግሥት ይፈልጋል። ዱቄቱ ላይ ብቻ ዳር ዳር እያለ የሚያረፋ፣ ያልተፋቀው ላይ ግን ዝም የሚል ድንጋይ ካጋጠማችሁ ዶሎማይት ሊሆን ይችላል፤ እሱም የኖራ ድንጋይ ዘመድ ነው፤ ዛጎሉ ግን ብዙ ጊዜ በለውጡ ጠፍቶበታል።

ሁለተኛው ፈተና ጥፍርና ቢላ ነው። ጀሶ በጥፍር ይፋቃል። የኖራ ድንጋይ በጥፍር እንቢ ይላል፤ ቢላ ግን በቀላሉ ይጭረዋል። የአሸዋ ድንጋይ ውስጥ ያለውን የኳርትዝ ቅንጣት ቢላም አይጭረውም፤ ይልቁንም ብረቱ ራሱ ድንጋዩ ላይ ግራጫ መስመር ጥሎ ያልፋል። ከደጀን በታች ነጭ ሆኖ የሚያብለጨልጭ ድንጋይ ይዞ «እብነ በረድ አገኘሁ» ያለኝ ወጣት ነበር፤ በጥፍሬ ጫርኩትና ጀሶ መሆኑን አሳየሁት።

ሎሚ ግን ያታልላል፤ እኔንም አታሎኛል። ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ ተማሪ ከደብረ ማርቆስ አካባቢ ጥቁር ድንጋይ አመጣልኝ። ድንጋዩ ላይ ክብ ክብ ነጫጭ ነገሮች ተሰግስገዋል፤ አንዳንዱ የቀንድ አውጣ ቅርጽ የያዘ ይመስላል። ሎሚ ጠብ ሳደርግበት ነጩ ፈላ። በደስታ ክፍል ውስጥ «ይኸው የባሕር ቅሪተ አካል» ብዬ አስተማርኩ። ስሕተት ነበር። ባዛልት ሲረጋ ጋዙ የተወው ቀዳዳ ይቀርና በኋላ ውሃ ይዞት የመጣው ማዕድን ይሞላዋል፤ ከሚሞሉት አንዱ ካልሳይት፣ ማለትም የኖራ ድንጋይ ራሱ የተሠራበት ማዕድን፣ ነው፣ እሱም በሎሚ ይፈላል። የሚፈላው ቀዳዳውን የሞላው ብቻ ሆኖ ዙሪያው ጥቁር ድንጋይ ዝም ካለ፣ በእጃችሁ ያለው ባዛልት ነው። ለእነዚያ ተማሪዎች በዓመቱ ተመልሼ ነግሬያቸዋለሁ፤ የተመረቁት ግን አልሰሙኝም፣ ያ አሁንም ይቆጨኛል።

ሌሎችም አሳሳቾች አሉ። መረሬ መሬት ውስጥ ስትቆፍሩ የምታገኙት ነጭ ኮረት ይፈላል፤ እሱ ግን አፈሩ ውስጥ የተጠራቀመ ኖራ እንጂ የባሕር አይደለም። የኖራ ድንጋይ የሚፈጭበት መፍጫ አጠገብ ያለ ድንጋይም አቧራው ስላረፈበት ይፈላል፤ የሲሚንቶ ቅሪት ያለበትም እንዲሁ። ስለዚህ ሁልጊዜ አዲስ ፊት ፋቁ። ድንጋይ ላይ እንደ ቅጠል፣ እንደ ፈርን የተሣለ ጥቁር ቅርንጫፍ ካያችሁ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በስንጥቅ ውስጥ የገባ ማንጋኒዝ ነው። ቅጠል ደም ሥር አለው፤ ያ የለውም። እንቁላል የሚመስል ድቡልቡል ድንጋይም ዘጠኝ ጊዜ ከአሥሩ በራሱ የተድበለበለ ድንጋይ ነው፤ የዳይኖሰር እንቁላል ብላችሁ ገዢ አትፈልጉ።

የኖራ ድንጋይ መሆኑን ካረጋገጣችሁ በኋላ ዛጎሉን የት ታያላችሁ? ብዙ ሰው መዶሻ ያነሣል። እኔም አነሣ ነበር። አዲስ የተሰበረ ፊት ላይ ዛጎሉም ድንጋዩም አንድ ዓይነት ግራጫ ስለሆኑ ምንም አይታይም። ዛጎልን አውጥቶ የሚያሳይ ዝናብ ነው። የስንት ዓመት ክረምት ያጠበውን ያረጀ ፊት ተመልከቱ፤ ድንጋዩ ትንሽ ሲበላ ጠንከር ያለው ቅርፊት ጉብ ብሎ ይቀራል። ጊዜው ጥቅምትና ኅዳር ነው፤ ክረምቱ አጥቦ ሄዷል። ፀሐይ ከጎን በምትመታበት ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ ከሆነ ደግሞ ጥላው ራሱ ቅርጹን ያወጣላችኋል። በእኩለ ቀን ዓይናችሁ እያየ ታልፉታላችሁ፣ ቆላውም ያቃጥላል።

ከጠንካራው እርከን ይልቅ በሁለት እርከን መሃል ያለውን ልል፣ ቢጫማ፣ ሸክላ የተቀላቀለበትን ንብርብር እወዳለሁ። ማርል ይባላል። እዚያ ዛጎሎቹ ከነሙሉ አካላቸው ከአፈሩ እየተፈቱ ተዳፋቱ ላይ ይንከባለላሉ። የመጀመሪያ ጊዜ እዚያ ተንበርክኬ ያነሣሁት ዛጎል በእናቴ ደጃፍ ላይ ያለው ዓይነት ነበር። እንደ ሽንብራ ድንቡሽ ያለ፣ የሽንሽኑ ጫፍ ከሌላው ጎን ሽንሽን ጋር እንደ ጥርስ የተጋጠመ፣ አንድም ቦታ ያልተከፈተ። በምራቄ አርሼ በጣቴ ስጠርገው ከአፉ ተቃራኒ ባለው ሹል ጫፍ ላይ መርፌ የሚያስገባ ቀዳዳ ታየኝ። እንስሳው ከባሕሩ ወለል ጋር ራሱን ያሰረበት እግሩ የሚወጣባት ቀዳዳ ናት። ሁለቱ ክዳኖች ሳይለያዩ የቀሩት ሞቶ ብዙ ሳይንከባለል እዚያው ስለተቀበረ ነው። እጄ ላይ የያዝኩት ሬሳ ሳይሆን የተዘጋ ቤት መሰለኝ።

ይህ እንስሳ ብራኪዮፖድ ነው። ከተራው ዛጎል፣ ማለትም ከባይቫልቭ፣ የሚለይበት መንገድ ቀላል ነው፤ ለተማሪዎቼ በጣቴ ነው የማሳያቸው። ዛጎሉን ከጫፉ እስከ አፉ በሐሳብ ለሁለት ክፈሉት። ግራና ቀኙ እኩል ከሆነ፣ ሁለቱ ክዳኖች ግን አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ከሆኑ፣ ብራኪዮፖድ ነው። በተቃራኒው ሁለቱ ክዳኖች እንደ ሁለት መዳፍ እኩል ሆነው፣ እያንዳንዱ ክዳን ግን ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ፣ ባይቫልቭ ነው። ኦይስተር የሚባለው ዝርያ ይህን ሕግ ያፈርሳል፤ ክዳኖቹ እኩል አይደሉም፣ ቅርጹም ጠማማ ነው፤ እንደ ወረቀት የተነባበረ ወፍራም ቅርፊቱ ግን ያጋልጠዋል።

ሌላ የምታገኙት እንደ ብሎን ረዘም ብሎ የሚጠመዘዝ የቀንድ አውጣ ወገን ነው። ድንጋዩ በቁመቱ ከቆረጠው ውስጡ እንደ ደረጃ ሆኖ ይታያል። ኮራል የሚባለው የባሕር እንስሳ ደግሞ የማር እንጀራ ይመስላል፤ ቀረብ ብላችሁ እያንዳንዱን ዓይን ስታዩ ከመሃል ወደ ዳር የሚወጡ ቀጫጭን ግድግዳዎች አሉት፣ እንደ ኮከብ። የባሕር ጃርት ድቡልቡል ነው፤ ከላዩ አምስት መስመሮች ከአንድ ነጥብ ተነሥተው ይወርዳሉ። እሱን ሙሉውን ያገኘሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከድንጋዩ ላወጣው ስል በመሮ መታሁት፤ ለሁለት ተሰነጠቀ፣ ግማሹም ዱቄት ሆነ። ከዚያ ቀን ወዲህ መሮ ይዤ አልወርድም።

ብዙ ጊዜ ደግሞ ቅርፊት የሌለው፣ የዛጎል ቅርጽ ብቻ ያለው የጭቃ ድንጋይ ታገኛላችሁ። ይህም ቅሪተ አካል ነው፤ አትጣሉት። የአንዳንዱ እንስሳ ቅርፊት የተሠራበት ኖራ ቶሎ የሚሟሟ ዓይነት ስለሆነ ይጠፋና ውስጡን ሞልቶት የነበረው ጭቃ ብቻ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል፤ ጋን ተሰብሮ ድፍድፉ የጋኑን ቅርጽ ይዞ እንደቀረ አስቡት። የቀንድ አውጣና የአብዛኛው ባይቫልቭ ዕጣ ይህ ነው። የብራኪዮፖድና የኦይስተር ቅርፊት ግን ጠንካራ ስለሆነ ከነሽንሽኑ ይደርሰናል።

እንደ ጤፍ የደቀቁ ክብ ፍሬዎች ብቻ ሞልተውበት ዛጎል የማይታይበት የኖራ ድንጋይም አለ። እንቁላል አይደለም። ማዕበል በሚያመላልሰው ጥልቀት በሌለው ሞቃት ውሃ ውስጥ፣ በአንዲት ቅንጣት ዙሪያ ኖራ እየተጠቀለለ የተሠራ ነው። እኔ ይህን ድንጋይ ከዛጎሉ ባልተናነሰ እወደዋለሁ፤ ምክንያቱም ማዕበሉን ራሱን በእጅ መያዝ ነው።

አንድ ቀን ተማሪዎች ይዤ ወርጄ ሳለ ፍየል የሚጠብቁ አዛውንት መጥተው አጠገባችን ተቀመጡ። ዛጎሉን አሳየኋቸው። «የኖኅ ጊዜ ውሃ ያመጣው ነው፤ አባቶቻችን ሲነግሩን ኖረዋል» አሉኝ። አልተከራከርኳቸውም። «አያ፣ እርስዎ ጎርፍ ያመጣውን ነገር ያውቁታል፤ ጎርፍ ሲያመጣ እንዴት አድርጎ ነው የሚጥለው?» አልኳቸው። «ደባልቆ፣ ሰባብሮ» አሉ። አብረን ገደሉን አየን። አንዱ እርከን ውስጥ የተሰባበረ ዛጎል አለ፣ ማዕበል የመታው ነው። ከላዩ ግን ሁለት ክዳናቸው የተዘጋ፣ በቆሙበት የተቀበሩ አሉ። ከዚያ በላይ ኮራል፣ ኮራሉም በላዩ ሌላ ኮራል በቅሎበታል። ኮራል ቀስ ብሎ የሚያድግ ነገር ነው። አዛውንቱ ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩና «እንግዲህ ይህ ውሃ መጥቶ የሄደ ሳይሆን የኖረ ነው» አሉ። እኔ ለተማሪዎቼ በአንድ ክፍለ ጊዜ ማስረዳት ያቃተኝን እሳቸው በአንድ ዐረፍተ ነገር ጨረሱት። ከዚያ ወዲህ ሳስተምር ይህን የእሳቸውን ቃል ነው የምጠቀመው።

ትልቁ ጥፋቴን ልናገር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ተማሪዎቹ ያገኙትን ሁሉ እንዲያመጡ እነግራቸው ነበር። ከመቶ በላይ ዛጎል ተሰበሰበ። አጥበን፣ በአንድ ካርቶን ውስጥ ከተን፣ በኩራት ያዝነው። ቆይቶ አንድ የጂኦሎጂ መምህር ሊጎበኘን መጣና ካርቶኑን ከፍቶ አንድ አነሣ። «ይህ ከየትኛው እርከን ነው?» አለኝ። አላውቅም። ሌላ አነሣ። አላውቅም። ሰውየው ምንም ክፉ አልተናገረም፤ ቀስ አድርጎ መልሶ አስቀመጠው። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እያንዳንዱ እርከን የራሱ ዘመንና የራሱ ውሃ አለው፤ ዛጎሉ ከእርከኑ ሲለይ ያንን ሁሉ ይዞ የሚናገረው አፉ ይዘጋል። ካርቶኑ አሁንም አለ፤ ቅርጽ ለማስተማር ብቻ ይረዳኛል።

ስለዚህ አሁን የምንሠራው እንዲህ ነው። ዛጎሉን ሳንነካ ከአጠገቡ ሳንቲም አድርገን እናነሣዋለን፤ ሳንቲሙ መጠኑን ያሳያል። ከዚያ ወደ ኋላ ራቅ ብለን እርከኑ በሙሉ እንዲታይ ደግመን እናነሣለን። ደብተር ላይ ቦታውን፣ በስልኩ የሚታየውን ከፍታ፣ ከታወቀ ቦታ ያለውን ርቀት፣ የድንጋዩን ቀለም፣ በሎሚ መፍላት አለመፍላቱን፣ ዛጎሉ ከድንጋዩ ጋር ነው ወይስ ተፈትቶ የወደቀ ነው የሚለውን እንጽፋለን። ተፈትቶ የወደቀ ከላይ ካለው ከየትኛውም እርከን ተንከባሎ ሊሆን ስለሚችል ይህ የመጨረሻው ትልቅ ነገር ነው።

ካባ ውስጥ የምትሠሩ ወንድሞቼ ደግሞ አንድ ነገር ስሙኝ። ዛጎል በብዛት አለ፤ አጥንት ወይም ጥርስ የሚመስል ነገር ካያችሁ ግን ሥራውን ከዚያች ቦታ ላይ አቁሙ። ከኖራ ድንጋዩ በላይ ያለው ቀዩ የጭቃ ድንጋይ በሙገር በኩል የዳይኖሰር ጥርስ የተገኘበት ንብርብር ነው። ቅርስን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ለግንባታም ሆነ ለማዕድን ሲቆፍር ድንገት ቅርስ ያገኘ ሰው እንዳለ ጠብቆ እንዲያሳውቅ ያዛል። በወረዳችሁ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በኩል አድርሱት። አውጥቶ ወደ ቤት መውሰድ ከሁሉ የከፋው ነው፤ የባሕር ጃርቱን እንዴት እንዳጠፋሁት ነግሬያችኋለሁ።

ለደኅንነታችሁም፦ በክረምት አትውረዱ። ጀሶና ሸክላ የበዛበት ተዳፋት ውሃ ሲጠግብ ይንሸራተታል፤ የጎሐ ጽዮን ደጀን መንገድ በየጊዜው የሚጠገነው በዚሁ ምክንያት ነው። ከአስፋልቱ ዳር ቆማችሁ ጀርባችሁን ለመኪና ሰጥታችሁ ድንጋይ አትመልከቱ። ልጆች ካሉ አንድ ሰው መንገዱን ብቻ ይጠብቅ።

ባለፈው ጥቅምት እናቴ ዘንድ ሄጄ ደጃፏ ላይ ያለውን ድንጋይ በማጉያ መነጽር አየሁት። ልጅ ሆኜ አንዱን ብቻ ነበር የማውቀው። አሥራ አራት ቆጠርኩ፤ ከነሱም ሁለቱ ኮራል ናቸው። ደብተሬ ላይ «ከካባ የመጣ፣ እርከኑ ያልታወቀ» ብዬ ጻፍኩ። አባቴ በሕይወት ቢኖር ኖሮ ካባው የቱ እንደሆነ ይነግረኝ ነበር። አብረውት ይሠሩ ከነበሩት ጠራቢዎች አንዱ ግን ሉማሜ እንዳለ እናቴ ነግራኛለች፤ ከፋሲካ በፊት ሄጄ እጠይቀዋለሁ።